ሥጋውን በምን ልተካው? ከምስር እስከ ፋብሪካ በርገር

እህቴ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ያቆመች ሰሞን ቤት ውስጥ የማበስለው እኔ ነበርኩ። እንዳትቸገር ብዬ የታሸገ የዕፅዋት በርገር እየገዛሁ ማቀዝቀዣውን ሞላሁት። የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሏት በላች። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ "እባክሽ ዛሬ ምስር ብቻ ሥሪልኝ" አለችኝ። በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ሠራሁላት። ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች።

እስከዚያ ቀን ድረስ የምጠይቀው "ሥጋ ሥጋ የሚለው የትኛው ነው?" ብዬ ነበር። ጥያቄው ራሱ ነው ያሳሳተኝ። መጠየቅ የነበረብኝ ሌላ ነው፤ ሥጋው እዚያ ድስት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? አንዳንዱ ምግብ ውስጥ የሚገባው ሆድ እንዲይዝ ነው። አንዳንዱ ውስጥ የሚታኘክ ነገር እንዲኖር ነው። ሌላው ላይ ደግሞ ሥራው መረቁን ማጣፈጥ ብቻ ነው፤ ቁራጩን ብታወጡት ማንም ልብ አይለውም። ሦስቱንም አንድ ላይ የሚሠራ ምትክ ብዙ የለም። ስለዚህ ምርጫው ከድስቱ ይጀምራል።

ጥራጥሬ፣ ለየቀኑ

ለየቀኑ ማዕድ ብትጠይቁኝ መልሴ ጥራጥሬ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ አተር። በደረቁ ከተገዛ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ደረቅ ቦታ ካስቀመጡት ወራት ቢቆይም አይበላሽም።

100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9 ግራም ፕሮቲንና ወደ 8 ግራም ፋይበር አለው። ያንኑ ያህል የበሰለ የበሬ ሥጋ ፕሮቲኑ 26 ግራም ገደማ ነው፤ ፋይበር ግን ጭራሽ የለውም። ቁጥሩን አይተው "ታዲያ ምስሩ አነሰ" የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ በግራም ያንሳል። ግን 100 ግራም ምስር ብቻ በልቶ የሚነሳ ሰው የለም። አንድ ደህና ሳህን 250 ግራም ይይዛል። ይህ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ነው። ፋይበሩ ደግሞ ጥጋቡን ያቆየዋል።

የምስሩ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ቀዩ ክክ ምስር ሲበስል ይሟሟል፤ ለሾርባ የሚሆነው እሱ ነው። ድፍኑ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ምስር ግን ቅርጹን ይዞ ይበስላል። የተፈጨ ሥጋ በሚገባበት ቦታ፣ ለምሳሌ በፓስታ ስጎ ውስጥ፣ የሚያዋጣው ድፍኑ ነው። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ምስሩን ጠንከር ብሎ እንዳለ አወርደዋለሁ፣ ወደ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። በደንብ አጠነፍፈዋለሁ። ከዚያ ሰፊ መጥበሻ ላይ በትንሽ ዘይት እበትነውና ሳላማስል ጥቂት ደቂቃ እተወዋለሁ። ከታች ቡናማ ሲል ይገለበጣል። በዚህ ላይ በቢላ የደቀቀ ዋልነትና እንጉዳይ ስትጨምሩበት የሚታኘክ ነገር ይሆናል። ትልቁ ስህተት ውሃውን ሳያጠነፍፉ ስጎው ውስጥ መገልበጥ ነው፤ ያኔ ገንፎ ይሆናል።

ስለ ቀዩ ቦሎቄ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ይመርዛል። በውስጡ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ጥቂት ፍሬ እንኳ በጥሬው ወይም ገና ሳይበስል ቢበላ በሰዓታት ውስጥ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቢያንስ 5 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ እየተንተከተከ ማፍላት። እኔ 30 ደቂቃ ነው የማፈላው። ከዚያ በኋላ እስኪላም ድረስ በቀስታ ይበስላል። በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ያላችሁ ተጠንቀቁ። ሙቀቱ በቂ ስለማይሆን መርዙን ሳያጠፋ ፍሬውን ሊያለሰልሰው ይችላል። ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገው ግን ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ቶፉ፣ አያያዙን ላወቀበት

ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ ነጭ ምግብ ነው። ጣዕም የለውም ብለው የተዉት ብዙ ናቸው። እኔም ልተወው ነበር። መጀመሪያ ቀን ከማሸጊያው አውጥቼ በቀጥታ ትኩስ ዘይት ውስጥ ጨመርኩት። ዘይቱ ተንጣጣ፣ ቶፉው መጥበሻው ላይ ተጣበቀ፣ ውስጡ ውሃ እንዳዘለ ቀረ። ጥፋቱ የቶፉው አልነበረም፤ ውሃውን አላወጣሁለትም።

አሠራሩን ካወቃችሁ አያያዙም ይገባችኋል። አኩሪ አተር ተዘፍዝፎ ይፈጫል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል። የሚወጣው ወተት በካልሲየም ሰልፌት ወይም በማግኒዚየም ክሎራይድ ይረጋል። የረጋው ተጨምቆ ይጠጥራል። አይብ እንደማውጣት ማለት ነው። መነሻው ቻይና ነው። በጭመቃው መጠን ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ ይሆናል። ለስላሳው ለሾርባና ለክሬም ነው። ሥጋን ልተካ ካላችሁ ጠንካራውን ብቻ ውሰዱ። ፕሮቲኑ እንደ ጥንካሬው በ100 ግራም ከ12 እስከ 17 ግራም ይደርሳል። ማሸጊያው ላይ ካልሲየም ሰልፌት የሚል ካያችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ወተት ለማይጠጣ ሰው ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ነው።

አሁን ወደ መጥበሻው። ቶፉውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ላዩ ላይ ከበድ ያለ ድስት አስቀምጡና 20 ደቂቃ ተዉት። ጨርቁ ሲረጥብ ታያላችሁ። ከዚያ በቢላ ከመቁረጥ በእጅ ቆረስ ቆረስ ማድረግ ይሻላል፤ ሻካራው ጠርዝ ቅመም ይይዛል፣ ሲጠበስም ኩርሽም ይላል። አንድ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና ትንሽ ጨው ነስንሳችሁ እሹት። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ጨምሩትና እጃችሁን ሰብስቡ፤ አትነካኩት። ከታች ወርቃማ ቅርፊት ሲይዝ ራሱ ይላቀቃል። ሶስ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ ከገባ ቅርፊቱ ይለሰልሳል።

ሌላም መላ አለ። ቶፉውን ከነማሸጊያው ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ቀዳዳ ቀዳዳ ይሠራል። ሲቀልጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። ከዚያ የምትጨምሩበትን መረቅ ሁሉ ይመጥጣል፣ ሲታኘክም ከዶሮ ሥጋ ይቀራረባል። ቀለሙ ሲቀዘቅዝ ቢጫ ቢል አትደንግጡ፣ ሲቀልጥ ይመለሳል።

ቴምፔ

ይሄም ከአኩሪ አተር ነው፣ ግን ከቶፉ ጋር አንድ አይደለም። የኢንዶኔዢያ፣ በተለይ የጃቫ ምግብ ነው። ፍሬው ተልጦ ይቀቀልና ራይዞፐስ የሚባል ለምግብ የሚሆን ሻጋታ ይደረግበታል። ሞቅ ባለ ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ሲቆይ ነጩ ሻጋታ ፍሬዎቹን አያይዞ እንደ ኬክ ያጠጥራቸዋል። ፍሬው ሙሉውን ስለሚበላ ከቶፉ የበለጠ ፋይበር አለው። ፕሮቲኑም በ100 ግራም ወደ 19 ግራም ነው። ጣዕሙ የለውዝና የእንጉዳይ መሳይ ሆኖ ትንሽ ይመራል። ምሬቱን ለመቀነስ ከመጥበሳችሁ በፊት 10 ደቂቃ በእንፋሎት አብስሉት። ጣዕሙን የወደደ ሰው ከቶፉ ያስበልጠዋል። ለልጆች መጀመሪያ ቀን ባታቀርቡት ይሻላል።

ማኘክ ለናፈቀው፣ ሴይታን

ከስንዴ ዱቄት ውስጥ ስታርቹ ታጥቦ ሲወጣ የሚቀረው የሚለጠጥ ነገር ግሉተን ይባላል። ያ ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ ሲበላ ሴይታን ነው። ለማኘክ ከቤት ውስጥ ምትኮች ሁሉ የሚበልጠው የለም። እንደ ሥጋ በጭረት በጭረት ይነጠላል።

ቤት ውስጥ ለመሥራት የተዘጋጀውን የግሉተን ዱቄት መግዛት ድካም ይቀንሳል። 100 ግራሙ ወደ 75 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ውሃ ገብቶበት ሲበስል ግን ቁጥሩ ወደ ሲሶው ገደማ ይወርዳል። ዱቄቱን ከመረቅና ከሶያ ሶስ ጋር ለውሱት። ጥቂት ደቂቃ አሽታችሁ አሳርፉት። ከዚያ በቀስታ በሚፍለቀለቅ መረቅ ውስጥ ወደ 45 ደቂቃ አብስሉት። "በቀስታ" ያልኩትን አደራ። በኃይል ከፈላ ውስጡ አየር ይሞላና ስፖንጅ ይሆናል። ጥቂት የተፈጨ ሽምብራ ከዱቄቱ ጋር ብትቀላቅሉ ጎማነቱ ይቀንሳል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ላለበት ወይም ስንዴ ለማይስማማው ሰው ጨርሶ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ከፕሮቲን መገንቢያዎች አንዱ፣ ያንሰዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶታል። ሁለቱን የግድ በአንድ ሳህን መብላት አያስፈልግም። በዚያው ቀን ውስጥ ምስር ወይም ሽምብራ ከበላችሁ ይበቃል።

ደረቁ የሶያ ቁርጥራጭ

ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው፣ እኔ ግን ሁልጊዜ ቤት የማላጣው ይሄን ነው። ዘይቱ የወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት በሙቀትና በግፊት በማሽን አልፎ ይነፋል፣ ከዚያ ይደርቃል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው ገበያ ላይ የወጣው። በደረቁ ከ100 ግራም ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ወራት ይቀመጣል፣ በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ከጥራጥሬ ቀጥሎ በዋጋ የሚሻለው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ጣዕሙን የሚያበላሸው አዘገጃጀቱ ነው። በባዶ የፈላ ውሃ ከዘፈዘፋችሁት የካርቶን ጣዕም ያመጣል። ጨው፣ ሶያ ሶስና ነጭ ሽንኩርት ባለበት ትኩስ መረቅ ዘፍዝፉት። ሲያብጥ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት። ሽታው ከከበዳችሁ አንድ ጊዜ አጥባችሁ ደግማችሁ ጭመቁ። ከዚያ ነው ወደ መጥበሻ የሚገባው። ደቃቁ የተፈጨ ሥጋን ይተካል። ትልልቁ ደግሞ መረቅ በበዛበት ወጥ ውስጥ ጥሩ ነው።

እንጉዳይና ጃክፍሩት

ጃክፍሩት የሞቃት አገር ትልቅ ፍራፍሬ ነው። ከእንጉዳይ ጋር አንድ ላይ የማነሳው ሁለቱም ስለሚያታልሉ ነው። ሲታዩ ሥጋ ይመስላሉ፣ ፕሮቲናቸው ግን ትንሽ ነው። እንጉዳይ በ100 ግራም ወደ 3 ግራም ነው፤ ጃክፍሩት ከዚያም ያንሳል። እንጉዳይ የሚያስፈልገው ለጣዕም ነው። ግሉታሜት የሚባል ጣዕም የሚያጎላ ነገር ስላለው መረቁን የሥጋ መረቅ ዓይነት ጥልቀት ይሰጠዋል፤ የደረቀው ደግሞ ከትኩሱ ይበልጣል። ያልበሰለው አረንጓዴ ጃክፍሩት ሲቀቀል እንደ ተመነጨረ ሥጋ ይበጣጠሳል፤ በቅመም ሶስ ለሳንድዊች ያምራል። ግን ከጎኑ ቦሎቄ ወይም ቶፉ ካላገኘ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይርባችኋል።

የፋብሪካው በርገር

እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ ወገን መድኃኒት ያደርገዋል፣ ሌላው መርዝ ይለዋል። ሁለቱም ያጋንናሉ።

ቢዮንድ ሚት እ.ኤ.አ. በ2009፣ ኢምፖሲብል ፉድስ በ2011 የተመሠረቱ የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። የሁለቱም በርገር ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ቢዮንድ ፕሮቲኑን በዋናነት ከአተር ያገኛል። ኢምፖሲብል ከአኩሪ አተር ነው። ኢምፖሲብልን የሚለየው ሂም የተባለው ነገር ነው። ሂም ደማችን ውስጥም ያለ፣ ብረት የያዘ ሞለኪውል ነው፤ ለሥጋ ቀይ ቀለሙንና የሚታወቀውን ሽታ ከሚሰጡት አንዱ ነው። በአኩሪ አተር ሥር ላይም ይገኛል። ኩባንያው ይህን በብዛት የሚያመርተው ዘረ መሉ በተለወጠ እርሾ ነው። ዘረ መሉ የተለወጠ ነገር አልበላም ለሚል ሰው ይህን ማወቅ ተገቢ ነው።

113 ግራም የሚመዝነው አንድ ቁራጭ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው። እስከዚህ ድረስ ከሥጋ እኩል ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ደግሞ ከ300 እስከ 400 ሚሊግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ነው። ዳቦው፣ ኬቻፑና ኮምጣጤ የገባበት ኪያር ሲጨመሩ የቀኑን ግማሽ በአንድ ሳንድዊች ልትጨርሱት ትችላላችሁ። ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ልብ ይበል። የኮኮናት ዘይት በብዛት የገባባቸው ደግሞ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው ስብ ይበዛባቸዋል።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 36 ሰዎች ስምንት ሳምንት የዕፅዋት ምትክ፣ ስምንት ሳምንት ደግሞ ሥጋ በሉ። ምትኩን በበሉበት ጊዜ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለጥናቱ ገንዘብ የሰጠው ቢዮንድ ሚት መሆኑን አብሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ደግሞም ውድድሩ ከሥጋ ጋር ነበር እንጂ ከምስር ጋር አልነበረም። ለእኔ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። በየቀኑ ሥጋ የሚበላ ሰው ወደ ፋብሪካው በርገር ቢሻገር የሚያተርፈው ነገር አለ። ምስርና ሽምብራ የሚበላ ሰው እሱን ትቶ በርገሩን የየቀኑ ቢያደርግ ግን ምን እንደሚያተርፍ አይታየኝም።

ቦታው የት ነው ካላችሁኝ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ልጆች ከጓደኞቻቸው እኩል በርገር ሲያምራቸው፣ ወይም ሥጋ ገና ያቆመ ሰው ናፍቆቱ ሲጠናበት ነው። ያኔ ያለ ጸጸት ብሉት። ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ፤ ሶዲየሙን፣ የስቡን ዓይነትና የፕሮቲኑን መጠን። "ከዕፅዋት የተሠራ" የሚል ጽሑፍ ብቻ አይቶ መግዛትም አይበቃም። ከሥጋ ነፃ የሆነ ሁሉ ቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ጨርሶ የሌለበት፣ አይደለም። ለምሳሌ ኩዎርን የሚባለው ከፈንገስ የሚሠራው ምርት አንዳንዱ የእንቁላል ነጭ አለበት። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ቤት የሚሠራ በርገር ለምን ይፈርሳል?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ለብቻው ላንሳው። የፋብሪካው በርገር ውስጥ ሜቲልሴሉሎስ የሚባል ማያያዣ አለ። ባሕርዩ የተለየ ነው፤ ሲሞቅ ይጠጥራል፣ ሲቀዘቅዝ ይላላል። እሳት ላይ የማይፈርሰው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ እሱ ስለሌለ ሥራውን በሌላ መንገድ ማሠራት አለብን። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተለውሶ 10 ደቂቃ ሲቆይ ይወፍራል። አንድ እንቁላል ይተካል። ቦሎቄው ወይም ምስሩ ግን መድረቅ አለበት። እኔ ከተቀቀለ በኋላ ትሪ ላይ ዘርግቼ 15 ደቂቃ ምድጃ ውስጥ አስገባዋለሁ። ግማሹን ብቻ እፈጫለሁ፣ ግማሹን በሹካ ጨፍለቅ። አጃ ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ይጨመርበታል። ቅርጽ ከያዘ በኋላ አንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ይግባ። ይህን ሰዓት የዘለለ ሰው ነው መጥበሻ ላይ ፍርፋሪ የሚለቅመው።

ምንም ብትመርጡ

ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሶ የተወ ሰው ቫይታሚን ቢ12ን በእንክብል ወይም ቪታሚኑ በተጨመረበት ምግብ መውሰድ አለበት። አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። ጥራጥሬም ሆነ ቶፉ አይሰጡትም። ቴምፔም ይሰጣል ሲባል ብትሰሙ አትተማመኑበት። እጥረቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ነርቭ ከጎዳ በኋላ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። እህቴን በዚህ ጉዳይ በየሳምንቱ ነው የምጠይቃት።

ብረትም አለ። የዕፅዋት ብረት እንደ ሥጋው ቶሎ ወደ ሰውነት አይገባም። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ ሲበላ ግን መጠኑ ከፍ ይላል። ሻይና ቡና ያግዱታል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ ጥሩ ነው።

አሁን የእኛ ቤት ሳምንት እንዲህ ሆኗል። አራት ቀን ጥራጥሬ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቶፉ፣ ጊዜ ሲያጥረኝ ደረቁ ሶያ። ሴይታን በወር አንዴ እሠራና ቆራርጬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። የታሸገው በርገር ሁለት ፍሬ ከጥግ አለ። እህቴ ሥጋ የሚበሉ ጓደኞቿን ስትጋብዝ ታወጣዋለች። ባለፈው ጊዜ ግን በርገሩን ለእነሱ ጠብሳ እሷ ራሷ የምስሩን ድስት ነው የከፈተችው።